ድፎው ከበዓል በኋላ ለምን ይጣላል?

የበዓል ማግስት ብዙ ቤት የተረፈ ድፎ አለ። «እንዳይበላሽ» ተብሎ ፍሪጅ ይገባል፤ ሲወጣ ግን ድርቅ ብሏል፣ የሚበላው አይገኝም።

የምግብ ሳይንስ ባለሙያ ነኝና ምክንያቱን ልንገራችሁ። ዳቦ የሚደርቀው ውኃው ስለተነነ ብቻ አይደለም። ሲጋገር ውኃ ጠጥቶ የለሰለሰው ስታርች ሲቀዘቅዝ ተመልሶ ይጠጥራል፤ ይህም በጣም የሚፈጥነው ልክ እንደ ፍሪጅ ባለ ቅዝቃዜ ነው። ፍሪጅ ሻጋታን ያዘገያል፣ ዳቦውን ግን ቶሎ ያደርቃል። ፍሪዘር ይሻላል፤ ቆራርጣችሁ አስገቡትና የምትበሉትን ያህል ብቻ አውጡ።

ትኩስ ዳቦ በፌስታል አትቋጥሩ። እንፋሎቱ መውጫ ሲያጣ ወደ ውኃ ይለወጣል፣ ሻጋታ ደግሞ የሚፈልገው ይህንኑ ነው።

የደረቀ ዳቦ አልተበላሸም! ውኃ ረጨት አድርጋችሁ ብታሞቁት ይለሰልሳል፤ በበርበሬና በቅቤ ግሩም ፍርፍር ይወጣዋል።

የሻገተው ግን አይበላም፤ እዚህ ላይ አጥብቄ እለምናችኋለሁ። አረንጓዴውን ቆርጦ ቀሪውን መብላት አያድንም፤ የሻጋታው ክር ዓይን ከሚያየው አልፎ ወደ ውስጥ ይዘልቃል። እህል መጣል ነውር ነው ብለን ያደግን ሰዎች ለዶሮ ወይም ለላም መስጠት ይቀናናል። ነገር ግን አንዳንድ ሻጋታ መርዝ ያመነጫል፤ አንዱ አፍላቶክሲን የሚባለው ነው። አፍላቶክሲን ያለበት መኖ የበላች ላም መርዙን ቅርጹን ቀይራ በወተቷ ታወጣዋለች፤ ወተቱን የሚጠጡት ደግሞ ልጆቻችን ናቸው።

ግቢ ያላችሁ የሻገተውን ከደረቅ ቅጠል ጋር አፈር አልብሱት፤ ለጓሮ አትክልታችሁ ኮምፖስት ይሆናል።