ውኃ የማይዝ የልብስ ገንዳ

ቤት ውስጥ በሽተኛ የሚያስታምም ሰው ከመድኃኒቱ ቀጥሎ የሚያስጨንቀው የልብሱ ነገር ነው። በነርስነት አገልግዬ ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ አልጋ የያዘች እናቴን አስታምማለሁ። ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈራችን በጄሪካን ያጠራቀምነውን ገንዳ ውስጥ ገልብጠን አንሶላ ስንዘፈዝፍ፣ ያረጀው ውታፍ አልይዝ ብሎ ውኃው ተንጠፍጥፎ ያልቅ ነበር።

ጉዳቱ የውኃው መባከን ብቻ አይደለም። ደም የነካውን ልብስ በበረኪና ስንዘፈዝፍ፣ በረኪናው 5 በመቶ ከሆነ አንዱን እጅ በ9 እጅ ውኃ በጥብጠን ለ10 ደቂቃ እናቆያለን። ውኃው ሾልኮ ከላይ ያለው ልብስ ከደረቀ ግን ዘፈዘፍን ማለት አይቻልም።

ስለዚህ ቧንቧ ሠራተኛ ከመጥራታችሁ በፊት የሚያፈስበትን ቦታ ለዩ። ገንዳውን እስከ ግማሽ ሙሉና ውኃው የደረሰበትን በእርሳስ ምልክት አድርጉ። ከገንዳው ሥር ደረቅ ካርቶን አንጥፉ። ከግማሽ ሰዓት በኋላ ውኃው ጎድሎ ካርቶኑ ደረቅ ከሆነ በውታፉ ጠርዝ እያለፈ ነው። ካርቶኑ ከራሰ ችግሩ ከሥር ካለው መጋጠሚያ ነው።

በውታፉ በኩል ከሆነ የቀዳዳውን ዙሪያ በጣታችሁ ዳስሱ። ነጭ ቅርፊት ከያዘ፣ በአቼቶ የተነከረ ጨርቅ ግማሽ ሰዓት አሳርፉበትና በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ፈግፍጉት። ከዚያ በብዙ ውኃ አለቅልቁ። አቼቶና በረኪና ከተገናኙ ሳንባን የሚጎዳ ጋዝ ይወጣል። የውታፉ ጎማ ከደረቀ ወይም ከተሰነጠቀ አሮጌውን ለልክ ይዛችሁ አዲስ ግዙ።

ጠርዙ ራሱ ተበልቶ ከሆነ አዲስ ውታፍም አይገጥመውም። እኛን የገላገለን ከመኪና ካላማዳሪያ የተቆረጠ ክብ ጎማ ነው። ከቀዳዳው በየአቅጣጫው ሁለት ጣት ያህል ይስፋ፤ ሳይጨማደድ ጠፍጣፋ ይተኛ። የውኃው ክብደት ራሱ ወደ ታች ይጫነዋል፤ ውኃው በጨመረ ቁጥርም ይበልጥ ይጣበቃል።

የሚያፈሰው መጋጠሚያው ከሆነ የማሰሪያውን ብሎን ፈታችሁ ጎማውን ለውጡ፤ ዙሪያውን አድርቃችሁ ሲሊኮን ቀቡና መልሳችሁ እሰሩ። የሸክላ ገንዳ ሲያጠብቁት ስለሚሰነጠቅ ኃይል አታብዙ። ውኃ ከመሙላታችሁ በፊት ሲሊኮኑ 24 ሰዓት ይድረቅ።

የታማሚ ልብስ ስትዘፈዝፉ ጓንት አድርጉ፤ ሽንት የነካውን አስቀድማችሁ በንጹሕ ውኃ አለቅልቁ፤ ሽንትና በረኪናም አይስማሙም። የመጨረሻውን እጣቢ ለመጸዳጃ ቤት አስቀምጡት።

አንድ ነገር ልጨምር። ሕፃን ጥቂት ጣት በሚሞላ ውኃም ይሰጥማል። ልጅ ባለበት ቤት ገንዳው በደንብ መያዝ ከጀመረ፣ ሥራችሁን ስትጨርሱ ውታፉን ንቀሉ።