በኢየሩሳሌም ከቅጥሩ ውጭ ያለው ርስታችን

ስለ ቅድስት ኢየሩሳሌም ሲነገር ሳይሰማ ያደገ ክርስቲያን በአገራችን አይገኝም። አባቶቻችን በረሓውንና ባሕሩን አቋርጠው በብዙ ድካም ተሳልመዋታል፤ ዛሬ ግን አውሮፕላን በጥቂት ሰዓት ያደርሳል። ይሁን እንጂ መንገዱ በቀለለ መጠን ተሳላሚው ቸኳይ ሆኗል። ጎልጎታን፣ ጌቴሴማኒንና ቤተ ልሔምን በአስጐብኚ እየተመራ ይሳለምና ሻንጣውን ይዞ ይመለሳል። ለእነዚህ ብሎ መጥቷልና እነርሱን ማስቀደሙ የተገባ ነው። ነገር ግን ግማሽ ቀን ቢጨምር፣ አባቶቻችን ከቅጥሩ ውጭ ያቆሙልንን ርስት በዐይኑ ለማየት በቻለ ነበር።

የቱርኩ ሱልጣን ሱሌይማን በ16ኛው መቶ ዓመት ባሠራው ቅጥር ውስጥ ሕዝቡ ተጨናንቆ ሲኖር ቈይቶ፣ ወደ ውጭ ወጥቶ ቤት መሥራት የጀመረው ከ1850ዎቹ ዓ.ም. ወዲህ ነው። በዚያም ዘመን የአውሮፓ መንግሥታት ሆስፒታልና ትምህርት ቤት፣ ቆንስላና የእንግዳ ማረፊያ ለመሥራት ተሽቀዳደሙ። ኢትዮጵያም ከዚህ ወደ ኋላ አልቀረችም።

እንግዲህ ከደማስቆ በር ወጥቶ የነቢያት ጎዳና የሚባለውን መንገድ ይዞ ሽቅብ መሄድ ነው። በመንገዱ ዳር ጣልያኖች ለሆስፒታል ያሠሩት፣ ዛሬ የትምህርት ሚኒስቴር ያለበት፣ ግንብ የሚመስል ሕንፃ ይታያል። ከዚያም ጥቂት ከፍ ሲሉ፣ ግእዝ የሚያነብ ሰው በድንገት ይቆማል፤ በአንድ ትልቅ የድንጋይ ቤት ግንባር ላይ የይሁዳ አንበሳ ከግእዝ ጽሕፈት ጋራ በኅብረ ቀለም ተሥሎ ያያልና። ይህ በ1920 ዓ.ም. ገደማ ንግሥተ ነገሥታት ዘውዲቱ ያሠሩት ቤት ነው።

ከዚህ አጠገብ ወደ ሰሜን የሚገባው ጠባብ መንገድ የኢትዮጵያ ጎዳና ይባላል። ረዣዥም የድንጋይ አጥር በግራና በቀኝ ስለ ከለለው የከተማው ጫጫታ እየራቀ ይሄዳል። አንበሳ የተቀረጸበትን በር አልፈው ሲገቡ፣ ክቡ ቤተ ክርስቲያን ከነጉልላቱ ፊት ለፊት ይቆማል፤ ይኸውም ደብረ ገነት ኪዳነ ምሕረት ነው። ሥራውን ያስጀመሩት ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ናቸው፤ የተፈጸመውም በዐፄ ምኒልክ 2ኛ ዘመን ነው። ጫማውን አውልቆ የገባ ምእመን ቅኔ ማሕሌቱን፣ ቅድስቱንና መቅደሱን እንደ አገሩ ተከፍሎ ሲያገኘው፣ ከአገሩ የወጣ አይመስለውም።

ከቤተ ክርስቲያኑ ፊት ለፊት ኤሊዔዘር ቤን ይሁዳ የኖረበት ቤት አለ። ይህ ሰው የዕብራይስጥን መዝገበ ቃላት ያዘጋጀ፣ በመጽሐፍ ብቻ ይኖር የነበረው ቋንቋ በቤት እንዲነገር የደከመና የመጀመሪያ ልጁን ከሕፃንነቱ ጀምሮ በዕብራይስጥ ብቻ ያሳደገ ነው። በባዕድ አገር ልጆች የሚያሳድጉ ወላጆች ይህን ቤት አይተው ብዙ ሊያስቡ ይችላሉ።

ነገሥታቱ፣ እቴጌዪቱና መኳንንቱ በዚህ ሰፈር ቤት የገዙትና ያሠሩት ለክብር ብቻ አልነበረም፤ ከኪራዩ ለመነኰሳቱ ቀለብ እንዲወጣ ነው እንጂ። ርስት የሌለው ገዳም ምን እንደሚያገኘው አስቀድመው ዐውቀዋልና። በ1830 ዓ.ም. ወረርሽኝ ገብቶ በዴር ሡልጣን የነበሩትን መነኰሳት አብዛኞቹን በጨረሰ ጊዜ፣ መጻሕፍታቸው በሽታ ያስተላልፋሉ ተብለው ተቃጠሉ፤ ቁልፉም ወደ ሌላ እጅ ገባ። በ1962 ዓ.ም. በትንሣኤ ሌሊት የሁለቱ አብያተ መቅደስ ቁልፍ ወደ ኢትዮጵያውያን ቢመለስም፣ ከእኅት ቤተ ክርስቲያን ጋር ያለው ክርክር እስከ ዛሬ አልተቋጨም። ሰውና መጽሐፍ በጠፉ ጊዜ ርስት እንዴት እንደሚያከራክር ከዚህ በላይ ምስክር አያሻም።

ስለዚህ የሚሄዱ ሁሉ ከማስጐብኚያው ጋር ሲዋዋሉ አንድ ጠዋት ለዚህ እንዲተውላቸው አስቀድመው ይጠይቁ። ቅዳሴ በሚደረግበት ዕለት፣ ይልቁንም በወሩ 16ኛ ቀን፣ ቢሆን መልካም ነው። ሰፈሩ ሰንበታቸውን በጽኑ የሚያከብሩ አይሁድ ከሚኖሩበት ጋር የተዋሰነ ስለ ሆነ፣ አለባበስ ጨዋ ይሁን፤ በቅዳሜ ቀን ፎቶግራፍ ከማንሣት መከልከል ይገባል። መነኰሳቱንም ሳያስፈቅዱ ፎቶግራፍ ማንሣት ነውር ነው።

መሄድ ያልቻልን ደግሞ ቤት ውስጥ የምንሠራው አለን። በብዙ ቤት ኢየሩሳሌም ተሳልመው የመጡ አያት ወይም አክስት ይገኛሉ። በእሑድ ከሰዓት በኋላ ልጆቹን ሰብስበን፣ «እማማ፣ ያዩትን ይንገሩን፤ ማን አሠራው? ማንስ ይጠብቀዋል?» እያልን እንጠይቃቸው፤ የሚሉትንም በደብተር እንጻፈው። በዴር ሡልጣን የተቃጠለውን መጽሐፍ መመለስ አንችልም፤ በቤታችን ያለውን ትዝታ ግን ሳይጠፋ ማኖር እንችላለን። ለዚህም አምላከ አበው ይርዳን።