የኢንተርኔት የቤት ስልክና 911፦ ተረቱና እውነታው

አሜሪካ የሚኖሩ ብዙ ቤተሰቦች የቤት ስልክ የሚያስገቡት ለወላጆቻቸው ሲሉ ነው። ልጇን ልታርስ ከአዲስ አበባ የመጣች እናት ስማርት ስልክ መነካካት ቢከብዳትም፣ ጠረጴዛው ላይ ያለውን ስልክ አንሥታ የአደጋ ጊዜውን ሦስት ቁጥር፣ 911ን፣ መጫን አያቅታትም። ያ ስልክ ግን ዛሬ በአብዛኛው የሚሠራው በኢንተርኔት ነው። መልኩም ድምፁም የድሮውን ስለሚመስል፣ በጭንቅ ሰዓትም እንደ ድሮው የሚያገለግል ይመስለናል። ይህ ግምት ሰው ገድሏል።

«911 ከደወልኩ የት እንዳለሁ ያውቃሉ»

ከሁሉም የከፋው እምነት ይህ ነው። የድሮው የመዳብ መስመር ከአንድ ቤት ጋር የታሰረ ስለነበር፣ ደዋዩ መናገር ቢያቅተው እንኳ አድራሻው ይታወቅ ነበር። የኢንተርኔት ስልክ ግን ከቤት ጋር አልታሰረም። ስልኩን ከኢንተርኔት ጋር የሚያገናኘውን ሣጥን ነቅለው ሌላ ከተማ ቢሰኩት ያው ቁጥር እዚያም ይጠራል። ስለዚህ 911 ሲደወል ጥሪው ወደየትኛው ከተማ እንደሚሄድ የሚወስነው፣ ጥሪውን በተቀበለችው ሠራተኛ ስክሪን ላይም የሚወጣው፣ ደንበኛው ለስልክ ኩባንያው ያስመዘገበው አድራሻ ነው። በ202 የሚጀምር የዋሽንግተን ቁጥሩን ይዞ ዳላስ የገባ ሰው አድራሻውን ካስለወጠ ጥሪው ዳላስ ይደርሳል፤ ካላስለወጠ ዋሽንግተን ይሄዳል። ከ2022 ወዲህ ኩባንያዎች ቴክኖሎጂው በፈቀደ ቦታ የደዋዩን አድራሻ በራሱ እንዲለይ የማድረግ ግዴታ አለባቸው። ካልተቻለ ግን መልሰው የሚንተራሱት ያንኑ የተመዘገበ አድራሻ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2008 በካናዳ ካልጋሪ ከተማ የደረሰውን ማስታወስ ይበቃል። አንድ ሕፃን በጠና ታሞ ቤተሰቡ በኢንተርኔት ስልክ 911 ደወለ። አምቡላንሱ የተላከው ግን በሺዎች የሚቆጠር ኪሎ ሜትር ርቃ ወደምትገኘው ሚሲሳጋ፣ ቤተሰቡ ቀድሞ ይኖርበት ወደነበረው ቤት ነው። ካልጋሪ ውስጥ አምቡላንስ ሳይጠፋ ሕፃኑ ሞተ። ቤት ስንቀይር ለባንኩ፣ ለመንጃ ፈቃዱና ለልጆቹ ትምህርት ቤት አድራሻ እናስለውጣለን፤ የስልኩን የሚያስታውሰው ጥቂት ሰው ነው። ለቢል የሰጡትን አድራሻ መለወጥም ብቻውን ላይበቃ ይችላል፤ በአንዳንድ ኩባንያዎች ዘንድ የ911 አድራሻ ለብቻው የሚሞላ ነው። የአፓርትመንት ቁጥር መጻፉንም አይዘንጉ። ባለ 200 ክፍል ሕንፃ በር ላይ የደረሰ አምቡላንስ የትኛውን በር ያንኳኳ?

ማረጋገጫው ቀላል ነው። ብዙ የኢንተርኔት ስልክ ኩባንያዎች 933 የሚባል የመሞከሪያ ቁጥር አላቸው። ከቤት ስልኩ ሲደውሉ የተመዘገበውን አድራሻ በማሽን ድምፅ ያነብልዎታል፤ ፖሊስም አምቡላንስም አይነሣም። ቁጥሩ የማይሠራ ከሆነ በድረ ገጹ አካውንትዎን ከፍተው «911 አድራሻ» የሚለውን ይመልከቱ።

«እናቴ እንግሊዝኛ ስለማትችል መደወሏ አይጠቅምም»

ይጠቅማል። የ911 ማእከላት በስልክ የሚያስተረጉሙ አስተርጓሚዎችን ያስገባሉ፤ አማርኛም ከሚገኙት ቋንቋዎች አንዱ ነው። በዋሽንግተን ዲሲ ለምሳሌ በ2004 የወጣው የቋንቋ ተደራሽነት ሕግ አማርኛን ያካትታል። እናት «አምሃሪክ» የምትለውን አንድ ቃል ብትናገርና ስልኩን ሳትዘጋ ብትጠብቅ ይፈለግላታል። አስተርጓሚው እስኪገባ ግን ደቂቃ ይነጉዳል። በዚያች ሰዓት ትክክለኛው አድራሻ ስክሪኑ ላይ ካለ መኪናው መንገድ ሊጀምር ይችላል። ስለዚህ የቤት ቁጥሩን፣ መንገዱንና ከተማውን በእንግሊዝኛም በአማርኛ ፊደልም በትልቁ ጽፎ ስልኩ አጠገብ መለጠፍ ለወላጆቻችን ትልቅ ውለታ ነው። አብረው ጮክ ብለው ቢያነቡት ደግሞ የበለጠ ነው።

«መብራት ቢጠፋም የቤት ስልክ አይቋረጥም»

የመዳቡ ስልክ አይቋረጥም ነበር፤ ኤሌክትሪኩን የሚያገኘው ከቴሌፎን ጣቢያው በራሱ ሽቦ ነበርና። የኢንተርኔቱ ስልክ ግን ሞደሙ ሲጠፋ አብሮ ይጠፋል። ኤፍሲሲ የተባለው የአሜሪካ ፌዴራል የኮሙኒኬሽን ኮሚሽን በ2015 ባወጣው ደንብ ኩባንያዎች የመጠባበቂያ ባትሪ ለደንበኞቻቸው እንዲያቀርቡ አስገድዶ ነበር፤ መጀመሪያ ለ8፣ ከ2019 ጀምሮ ለ24 ሰዓት የሚሆን። ገንዘቡን የሚከፍለው ግን ደንበኛው ስለነበር ያልጠየቀ አላገኘም፤ ደንቡም በ2025 ዘመኑ አብቅቷል። ባትሪ ቢኖርም የሰፈሩ ኢንተርኔት ራሱ ከተቋረጠ ስልኩ ዝም ይላል።

«በኢንተርኔት ስልክ 911 ጭራሽ አይሠራም»

ይህኛው ጊዜው ያለፈበት እውነት ነው። በ2005 ሂውስተን ውስጥ ወላጆቿ በጥይት የተመቱባት ልጅ 911 ስትደውል፣ አገልግሎቱ እንደሌለ የሚነግር የተቀረጸ ድምፅ ብቻ ሰማች። በዚያው ዓመት ኤፍሲሲ ከመደበኛው የስልክ መረብ ጋር የሚገናኙ የኢንተርኔት ስልክ ኩባንያዎች ሁሉ የ911 ጥሪን ከነአድራሻው እንዲያስተላልፉ አዘዘ። ደንበኛው አልፈልግም ቢል እንኳ ሊያጠፉት አይችሉም።

ዋትስአፕ፣ ቫይበርና ኢሞ ግን ከዚህ ውጭ ናቸው። አገር ቤት ስንደውልባቸው ስለምንውል እንደ ስልክ እንቆጥራቸዋለን፤ ለ911 አይታመኑም። ሞባይል ካለ በራሱ በሞባይሉ መስመር ይደውሉ። መስመሩ የተዘጋ ሞባይል እንኳ ቻርጅና ሲግናል ካለው አሜሪካ ውስጥ 911 ይደውላል፤ ጥሪው ቢቋረጥ ግን መልሰው ሊደውሉለት አይችሉም። ኔትወርካቸው በ2022 የተዘጋባቸው የ3ጂ ስልኮች አያገለግሉም።

«የአሜሪካ ቁጥሬን አዲስ አበባ ብወስደው ምን ችግር አለው?»

ሣጥኑን በሻንጣ ይዞ ሄዶ አገር ቤት መሰካት የተለመደ ነው፤ ልጆች ከሜሪላንድ በአገር ውስጥ ጥሪ ሂሳብ ወላጆቻቸውን ያገኙበታል። በዚያ ስልክ ላይ 911 የተጫነ እንደሆነ ግን የሚያነሣው በተመዘገበው አድራሻ ያለው የአሜሪካ ማእከል ነው፤ ቦሌ ላለ ሰው አምቡላንስ ሊልክ አይችልም። እዚያ ስልክ ላይ ሊለጠፉ የሚገባቸው ቁጥሮች ፖሊስ 991፣ የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907፣ የአዲስ አበባ እሳት አደጋ 939 ናቸው። የሚደወልባቸውም ከአሜሪካው ሣጥን ሳይሆን ከኢትዮጵያ ሞባይል ወይም መደበኛ ስልክ ነው።