የመምህርነት ማስረጃና የማስተማሪያ ቋንቋ፦ ከሀዋታ እስከ መተማ

ሀዋታ በምሥራቅ ሱዳን፣ በገዳሪፍ ግዛት፣ በራሃድ ወንዝ ዳር የምትገኝ ከተማ ናት፤ ይኸው ወንዝ በኢትዮጵያ በኩል ሽንፋ ይባላል። ከሀዋታ እስከ መተማ ባለው ቀጠና ነጋዴ፣ የእርሻ ሠራተኛና ስደተኛ ሲመላለስ ኖሯል፤ ከእነዚህም መካከል መምህራን አሉ። ይህ ጽሑፍ የመምህሩ ማስረጃ በሌላው ወገን ዕውቅና ሲጠየቅበት ቋንቋ የሚይዘውን ስፍራ ያብራራል።

አገሩን ለቆ የሄደ መምህር ዘወትር የሚጠየቀው ዲፕሎማ ወይም ዲግሪ፣ የውጤት መግለጫ፣ የሥራ ልምድ ደብዳቤና የእነዚህ የተረጋገጠ ትርጉም ነው። ማስረጃው በዐረብኛ «ሸሃዳ» ይባላል፤ ፍቺው ምስክርነት ነው። የእኛም «የምስክር ወረቀት» ከተመሳሳይ ሐሳብ የተገኘ ስያሜ ነው። ይሁንና ምስክሩ የትምህርቱን ዓይነትና ደረጃ እንጂ ባለቤቱ በየትኛው ቋንቋ ሊያስተምር እንደሚችል ብዙውን ጊዜ አይገልጥም።

ጉዳዩ የአገር ድንበር ሳይሻገሩም ይታያል። ከ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ወዲህ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት በአፍ መፍቻ ቋንቋ ይሰጣል። በአማርኛ የሠለጠነ መምህር ከደሴ ወደ አዳማ ቢዛወር ዲፕሎማው አይሻርም፤ የአፋን ኦሮሞው ክፍል ግን ይዘጋበታል። ከክልሉ ሳይወጣም በአዊ አውንጂ፣ በዋግ ኽምራ ኽምጣንጋ ይጠብቀዋል።

በጥቅምት 2013 ዓ.ም. በትግራይ ጦርነት ሲነሣ ብዙ አሥር ሺህ ሰዎች ወደ ምሥራቅ ሱዳን ተሰደዱ፤ በገዳሪፍ ግዛት ኡም ራኩባና ቱነይድባ መጠለያዎች ሆኑላቸው። ከስደተኞቹ መካከል የነበሩ መምህራን አንደኛ ደረጃን በትግርኛ፣ ሁለተኛ ደረጃን በእንግሊዝኛ ያስተማሩ ነበሩ። የሱዳን መንግሥት ትምህርት ቤት ቋንቋ ግን ዐረብኛ ነው።

እዚህ ላይ «ዐረብኛ ይችላል» የሚለው ቃል ራሱ መመርመር አለበት። በድንበር ገበያ ያደገ ሰው የሱዳንን ዓሚያ አቀላጥፎ ሊናገር ይችላል፤ የመማሪያ መጽሐፉ የተጻፈው ግን በፉስሓ ነው። በቃል ጭውውት ብቻ የተፈተነ መምህር ፈተናውን አልፎ፣ መጽሐፉን ማንበብ ሊያቅተው ይችላል። በአንጻሩ ፉስሓን በመስጊድ ትምህርት ያወቀ ሰው የተማሪዎቹን ጥያቄ በቀላሉ ላይረዳ ይችላል። ሁለቱን በአንድ የ«አዎ» ወይም የ«አይደለም» ሳጥን መመዝገብ፣ በእኔ ግምት፣ ሁለቱንም መበደል ነው፤ ተማሪዎቹንም ጭምር።

ከሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ ጉዞው ተገላቢጦሽ ሆነ። ከሱዳን ጦርነት የሸሹ ሰዎች በመተማ በኩል ገብተው በኩመርና በአውላላ መጠለያዎች ሰፈሩ። በዐረብኛ የሠለጠነ መምህር በምዕራብ ጎንደር አማርኛ ይፈለግበታል። በኩርሙክ በኩል ወደ አሶሳ የገባው ዐረብኛን ከሚናገሩ በርታዎች ጋር ይግባባል፤ መግባባቱ ግን የማስተማር ፈቃድ አይሆነውም።

የ2014 እ.ኤ.አ. የአዲስ አበባ ስምምነት የከፍተኛ ትምህርት ማስረጃዎች በአፍሪካ አገሮች መካከል ዕውቅና እንዲያገኙ የተደረገ ሲሆን፣ በታኅሣሥ 2019 እ.ኤ.አ. በሥራ ላይ ውሏል። የኢጋድ አባል አገሮች በ2017 እ.ኤ.አ. ያወጡት የጅቡቲ መግለጫ ደግሞ የስደተኞችን ትምህርት ይመለከታል። ሁለቱም መንገዱን ይጠርጋሉ፤ ለእያንዳንዱ የትምህርት ዓይነት የሚበቃውን የቋንቋ ልክ መወሰን ግን የቋንቋ ባለሙያ ድርሻ ነው። ለሒሳብ መምህር የቁጥርና የሥሌት ቃላት፣ የመጽሐፉ ንባብ፣ የቃል ማብራሪያና የተማሪን ጽሑፍ ማረም ለየብቻ ቢመዘኑ፣ ውጤቱም ከማስረጃው ጋር በአባሪነት ቢያያዝ፣ ቀጣሪው ክፍል ሰውየውን ዛሬ የት መመደብ፣ ምን ማሠልጠን እንዳለበት ከዚያው ወረቀት ላይ ያነባል።