መዝገቡ ማንን ይጠብቃል? የብሪታኒያ የጥርስ ሕክምና ቁጥጥር ከ1878 እስከ ዛሬ

እስከ 19ኛው ክፍለ ዘመን መገባደጃ ድረስ በብሪታኒያ ጥርስ ለመንቀል ጉጠትና ድፍረት ይበቃ ነበር። ፀጉር አስተካካዩም፣ አንጥረኛውም፣ መድኃኒት ሻጩም ይነቅል ነበር። በ1878 (ዓመቶቹ ሁሉ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው) የወጣው የመጀመሪያው የጥርስ ሐኪሞች ሕግ መዝገብ አስከፈተ፤ ጆን ቶምስም ቀዳሚው ተመዝጋቢ ሆነ። ሕጉ ያጠረው ግን ስሙን እንጂ ሥራውን አልነበረም። ያልተመዘገበ ሰው «የጥርስ ሐኪም ነኝ» እስካላለ ድረስ ጥርስ ከመንቀልም ሆነ ሰው ሠራሽ ጥርስ ከመግጠም የሚያግደው አልነበረም። ደጃፉ ላይ ሥራውን ቢያስተዋውቅም ጥፋት እንደማይሆንበት የጌቶች ምክር ቤት በ1910 ፈረደ። የተጠበቀው የባለሙያው ክብር ነበር፤ ታካሚው ገና አልታሰበም።

አጥሩ በሥራው ዙሪያ የታጠረው በ1921 ነው። በአዲሱ ሕግ ያልተመዘገበ ሰው ጥርስ ማከም ተከለከለ። ይሁንና ከሕጉ በፊት በነበሩት ሰባት ዓመታት ውስጥ አምስቱን በሙያው ሲተዳደር የኖረና ጠባዩ የተመሰከረለት ሰው ሳይማር እንዲመዘገብ ተፈቀደለት። እነዚህ ሰዎች ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመታት ሠርተዋል። ሁሉንም በአንድ ጀንበር ማባረር ሰፊውን ሕዝብ ያለ ሐኪም ማስቀረት ስለነበር፣ ከዚያ የተሻለ መንገድ ነበር ለማለት ይቸግረኛል። በ1956 የወጣው ሕግ ደግሞ ሙያውን እስከዚያ ከነበረበት የሕክምና ዶክተሮች ምክር ቤት ለይቶ ራሱን የቻለ ጠቅላላ የጥርስ ሕክምና ምክር ቤት አቋቋመለት።

ከዚያ በኋላ ከመጡት ለውጦች ሁሉ ለታካሚው ሕይወት ቅርብ የነበረው የሰመመን ጉዳይ ይመስለኛል። ለአሥርተ ዓመታት በየሰፈሩ ክሊኒክ ሕፃናት ሳይቀሩ ሙሉ ሰመመን ተሰጥቷቸው ጥርሳቸው ይነቀል ነበር። ድሮማ ሰመመኑን የሚሰጠውም ጥርሱን የሚነቅለውም አንድ ሰው የሚሆንበት ጊዜ ነበር። በሽተኛው ትንፋሽ ሲያጥረው የሚያየው ማን ነው? ለጥርስ ብለው ገብተው ሳይነቁ የቀሩ ነበሩ፤ ከእነሱም መካከል ልጆች። በ1990 የባለሙያዎች ቡድን ጠንካራ ማሳሰቢያ ሰጠ፣ በ1998 ምክር ቤቱ መመሪያውን አጠበቀ፣ ከ2001 መጨረሻ ጀምሮም ለጥርስ ሙሉ ሰመመን ከሆስፒታል ውጭ ቀረ። እዚህ ላይ ቁጥጥሩ ከሐኪሙ ማንነት አልፎ ሥራው የት፣ በማን እጅ፣ በምን መሣሪያ ይሠራል ወደሚለው ተሻገረ።

በ2008 የጥርስ ሕክምና ነርሶችና የሰው ሠራሽ ጥርስ ቴክኒሻኖችም የመመዝገብ ግዴታ ገባባቸው። ብዙዎች ይህን እንደ ተጨማሪ ወረቀትና ክፍያ ነበር ያዩት። እኔ ግን ከ1921 ወዲህ ትልቁ እርምጃ ይህ ነው እላለሁ። ሕክምናው የሚካሄደው በተዘጋ በር ውስጥ ነው፤ ታካሚው አፉን ከፍቶ ጣሪያ እያየ ተጋድሟል። ሐኪሙ ጓንት መቀየሩን ማየት የምትችለው አጠገቡ የቆመችው ነርስ ናት። ስትመዘገብ የራሷ ተጠያቂነት ይኖራታል። በ2013 የወጣው ባለ ዘጠኝ መርህ የሥነ ምግባር ደንብም ታካሚ አደጋ ላይ መሆኑን ያየ የቡድኑ አባል ሁሉ የመናገር ግዴታ እንዳለበት በግልጽ አስፍሯል።

ይህ ለምን እንደሚያስፈልግ ለመረዳት አንድ ዓመት ብቻ መጠበቅ በቂ ነበር። በ2014 በኖቲንግሃምሻየር አንድ የጥርስ ሐኪም ከታካሚ ወደ ታካሚ ሲሸጋገር ጓንቱን ሳይቀይርና መሣሪያውን በወጉ ሳያጸዳ ሲሠራ በድብቅ በተቀረፀ ቪዲዮ ታየ። የጤና ባለሥልጣናት 22,000 ያህል ሰዎች ለደም ምርመራ እንዲመጡ ጠሩ። ሰውየው ለዓመታት የተመዘገበ ሐኪም ነበር! ከ2011 ጀምሮ የእንግሊዝ ክሊኒኮች በሌላ የቁጥጥር ኮሚሽን ሥር ቢገቡም፣ ነገሩን ያጋለጠው ከውስጥ የመጣ ጥቆማ ነው። በ2016 ስሙ ከመዝገብ ተፋቀ።

በዚሁ ጊዜ ከሐኪሞቹ ወገን የተነሳውም ቅሬታ ውሃ የሚያነሳ ነበር። ምክር ቤቱ የክስ ብዛት ወጪዬን አንሮታል ብሎ በ2014 የሐኪሞችን ዓመታዊ ክፍያ ከ576 ወደ 890 ፓውንድ አሳደገ። የሙያ ማኅበራቸው ፍርድ ቤት ወሰደው፤ ዳኛውም ክፍያውን ባይሽሩትም አስተያየት የተሰበሰበበት መንገድ ሕግ የጣሰ ነው አሉ። ክስ የሚፈራ ሐኪም ከባዱን ሥራ ይሸሻል፤ ያ ደግሞ ታካሚን አይጠብቅም። ከ2016 ጀምሮ ቀላል ጉዳዮች ችሎት ሳይደርሱ በጉዳይ መርማሪዎች እንዲያልቁ መደረጉ ጥሩ ነው፤ ቢዘገይም።

የዛሬው ፈተና ሌላ ነው። በመንግሥት አገልግሎት የሚያክም የጥርስ ሐኪም በብዙ ከተሞች ጠፍቶ፣ ጥርሳቸውን በገዛ እጃቸው የሚነቅሉ ሰዎች ዜና ይሰማል። ኢትዮጵያ ውስጥ ተምሮ ለንደን የገባ የጥርስ ሐኪም ግን በሙያው ለመሥራት በመደበኛው መንገድ ለውጭ ምሩቃን የተዘጋጀውን ሁለት ክፍል ፈተና ማለፍ አለበት፤ የፈተናው ወረፋም ረጅም ነው። በ2024 መንግሥት እንዲህ ያሉ ሐኪሞች በተመዘገበ ሐኪም ክትትል ሥር በጊዜያዊ ምዝገባ ይሥሩ የሚል ሐሳብ አቀረበ። ሐሳቡን እደግፈዋለሁ። ግን ተቆጣጣሪው ሐኪም በስንት ሰዓት አንዴ ክፍሉ ውስጥ ይገኛል? ስህተት ቢፈጠርስ ኃላፊነቱ የማን ነው? ይህ ተለይቶ ካልተጻፈ፣ ጊዜያዊው መዝገብም እንደ 1878ቱ ስም ብቻ ይይዛል።