መላክና ማስረከብ፦ ወደ ውጭ አገር ዕቃ ለሚሸጡ ቤተሰቦች





መርካቶ ሰባተኛ አካባቢ የምትኖር አንዲት እህታችን ጥያቄዋን ይዛ ወደ ዝግጅት ክፍላችን መጥታ ነበር። ቤቷ ሆና የሐበሻ ቀሚስ፣ ነጠላና ሻርፕ በቴሌግራም ትሸጣለች። መነሻ ገንዘቧ የዕቁብ ነው። አሜሪካ፣ ሚኒሶታ ለምትኖር ደንበኛዋ ሁለት ቀሚስ በፖስታ ላከች። ግማሹን ክፍያ ቀድማ ተቀብላለች፤ ቀሪው ዕቃው ሲደርስ ሊከፈላት ነው። ከሳምንታት በኋላ በኢንተርኔት መከታተያው ላይ «ደርሷል» የሚል ቃል ወጣ። ደንበኛዋ ግን «ወላሂ፣ እኔ ዘንድ የመጣ ነገር የለም» አለች። እህታችን የፖስታ ቤቱን ደረሰኝ ጠረጴዛችን ላይ ዘርግታ «ይኸው ልኬያለሁ፤ ሐቄን በላችኝ። ፎቶዋን ቻናሌ ላይ ልለጥፈው ነው» አለችን።

ደረሰኙን አየነው፤ እውነተኛ ነው። ሆኖም የሚመሰክረው ዕቃው ከእህታችን እጅ መውጣቱን እንጂ ገዢዋ እጅ መግባቱን አይደለም። ፎቶውን ከመለጠፍ ለጥቂት ቀናት እንድትታገስ ለመንናት። የሙስሊም ክብር እንደ ገንዘቡ ሁሉ ሐቅ ነውና፣ ባልተጣራ ነገር ከተነካ ቀሚሱ ቢገኝም የሚመለስ አይደለም።

ዕዳ እንዲጻፍና ምስክር እንዲቆም የሚያዘውን የሱረቱል በቀራን 282ኛ አንቀጽ ብዙዎቻችን እናውቀዋለን። ስለ ርክክብ ግን የሱረቱ አን-ኒሳእን 6ኛ አንቀጽ እናስታውስ። የየቲሞችን ገንዘብ በአማና የያዘ ሰው፣ ልጆቹ ለአካለ መጠን ደርሰው ገንዘባቸውን ሲሰጣቸው ምስክር እንዲያቆም ታዟል። ምስክሩ የሚፈለገው ገንዘቡ ከእጅ ወደ እጅ በሚያልፍበት ሰዓት መሆኑን ልብ በሉ። ከዚህ በመነሳት የሻፊዒያ ዑለሞች «አስረክቤያለሁ» የሚለው የየቲም ኃላፊ ያለ ማስረጃ በቃሉ ብቻ አይታመንም ብለዋል።

በንግድም እንዲሁ ነው። ማስረጃ የማቅረብ ግዴታ የሚያርፈው አንድ ነገር ተፈጽሟል ብሎ በሚሞግተው ወገን ላይ ነው። «ደርሶሻል» የምትለው ሻጯ ስለሆነች፣ ማስረጃው የሚጠበቀው ከእሷ ነው። በሻፊዒያም ሆነ በሐነፊያ መዝሀብ የተሸጠው ዕቃ ገዢው ሳይረከበው በሻጩ እጅ ቢጠፋ ኪሳራው የሻጩ ነው። ገዢዋ ራሷ «ለእገሌ ስጪልኝ፣ እሱ ያመጣልኛል» ብላ ሰው ከወከለች ግን ለወኪሏ መስጠት ለእሷ መስጠት ነው። ስለዚህ አመላላሹን ማን እንደመረጠው ከሽያጩ በፊት በጽሑፍ መነጋገር ያስፈልጋል። በቴሌግራም የተጻፈ ሁለት መስመር ይበቃል። በአገራችንም የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012 እንዲህ ላለው የኤሌክትሮኒክ መልእክት ሕጋዊ እውቅና ሰጥቶታል።

አሁን ወደ ፖስታው እንመለስ። ኢትዮጵያ የዓለም ፖስታ ኅብረት አባል የሆነችው እ.ኤ.አ. በ1908 ነው። የኅብረቱ አባል አገሮች ለሚመዘገቡ ዕቃዎች አንድ ዓይነት የመከታተያ ቁጥር ይጠቀማሉ። ቁጥሩ 13 ምልክት አለው፤ መጀመሪያ ሁለት የላቲን ፊደላት፣ ቀጥሎ ዘጠኝ አኃዝ፣ መጨረሻ ላይ የላኪው አገር ሁለት ፊደላት። ከእኛ አገር የሚወጣው በ«ኢ» እና በ«ቲ» ያበቃል። ከዘጠኙ አኃዝ የመጨረሻው በስምንቱ ስሌት የሚገኝ መፈተሻ ነው፤ አንድ አኃዝ ተሳስቶ ቢጻፍ ስህተቱ የሚታወቀው በእሱ ነው። ይህ ቁጥር የሌለው ተራ ፖስታ በርካሽ ይሄዳል፤ ቢጠፋ ግን የሚጠየቅበት ነገር የለም።

መከታተያው «ደርሷል» ሲል ምን ማለቱ ነው? እዚህ ላይ ብዙዎቻችን እንሳሳታለን። እኛ አገር ዕቃ የሚመጣው በፖስታ ሳጥን ቁጥር ነው፤ ባለቤቱ መታወቂያውን ይዞ ሄዶ፣ ፈርሞ ይወስዳል። በአሜሪካ ግን ፊርማ ካልተጠየቀ በስተቀር ፖስተኛው ዕቃውን በር ላይ፣ ፖስታ ሳጥን ውስጥ ወይም በሕንፃው ጽሕፈት ቤት አስቀምጦ ሊሄድ ይችላል። መከታተያው ያንንም «ደርሷል» ብሎ ይመዘግበዋል። ስለዚህ ቃሉ እውነት ሆኖ ገዢዋም እውነተኛ ልትሆን ትችላለች። ሁለት ሙስሊሞች ሁለቱም እየማሉ፣ ሁለቱም ሳይዋሹ መጣላታቸው የሚያሳዝነው ለዚህ ነው።

መፍትሔው ዋጋው ከፍ ላለ ዕቃ የተቀባይ ፊርማ ያለበትን አገልግሎት መምረጥ ነው። ፔይፓልን የመሰሉ የክፍያ ድርጅቶችም ይህንኑ ይጠይቃሉ። ውጭ አገር ባለ ዘመድ አካውንት የምትሸጡ ካላችሁ፣ ፔይፓል በአሜሪካ ለሻጭ ጥበቃ የሚያደርገው የመላኪያውን ሳይሆን የመድረሻውን ማስረጃ አይቶ መሆኑን እወቁ፤ ክፍያው 750 ዶላርና ከዚያ በላይ ከሆነ ደግሞ ፊርማ ያስፈልጋል። ገዢ አቤቱታ ማቅረብ የሚችለው እስከ 180 ቀን ድረስ ነው። ደረሰኛችሁን ገንዘቡ በገባ ማግስት አትጣሉት። አንዳንዱ የደረሰኝ ወረቀት በጥቂት ወራት ውስጥ ይነጣልና በዚያው ዕለት በስልካችሁ ፎቶ አንሱት። ዕቃውን ስታሽጉ፣ ሚዛኑም ላይ ሲቀመጥ እንዲሁ አንሱ፤ ክብደቱ ደረሰኙ ላይ ካለው ጋር ከገጠመ «ባዶ ካርቶን ነው የመጣልኝ» ለሚል ክርክር መልስ ይሆናል።

የጉምሩክ መግለጫው ቅጽ ላይ ትንሽ እንቆይ። አንዳንድ ወገኖቻችን ገዢው ቀረጥ እንዳይከፍል በማለት የሽያጩን ዕቃ «ስጦታ» ብለው፣ መቶ ዶላሩን አሥር ዶላር አድርገው ይጽፋሉ። ይህ ውሸት ነው፤ በፊርማ የተረጋገጠ ውሸት። ከዱንያም አንፃር ኪሳራ ነው። ዕቃው ጠፍቶ ካሳ ሲጠየቅ የሚታየው ያንኑ ቅጽ ነውና፣ አሥር ዶላር ብሎ የፈረመ ሰው መቶ ልጠይቅ ቢል የገዛ እጁ ይመሰክርበታል። አሜሪካ 800 ዶላር የማይሞላ ዕቃ ያለ ቀረጥ የሚገባበትን አሠራር ከነሐሴ 29 ቀን 2025 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ማቆሟንም አትርሱ። ቀረጡን ማን እንደሚከፍል አስቀድማችሁ ካልተስማማችሁ ዕቃው ጉምሩክ ላይ ቆሞ፣ ሻጭና ገዢ እርስ በርስ ሊወነጃጀሉ ይችላሉ።

በሰው እጅ መላክስ? ወደ ጂዳ፣ ወደ ዱባይ፣ ወደ ዋሽንግተን የሚሄደው ብዙው ዕቃችን በመንገደኛ ሻንጣ ነው። መንገደኛው ያለ ክፍያ የተሸከመ ከሆነ ባለ አማና ነው፤ ሳያጠፋና ቸል ሳይል ቢጠፋበት አይጠየቅም። ክፍያ በሚቀበለው ላይ ዑለሞች የተለያየ አስተያየት አላቸው። ለሁሉም የዕቃውን ዝርዝር በወረቀት ጽፋችሁ አንዱን እሱ፣ አንዱን እናንተ ያዙ። ተቀባይዋም ዕቃው እጇ በገባበት ሰዓት መንገደኛው ፊት ለፊቱ ሳለ በድምፅ መልእክት «ይህን ያህል ተቀብያለሁ» ትበል። መንገደኛውም ከፍቶ የማየት መብት አለው፤ «አታምነኝም ወይ?» ብሎ መቀየም አይገባም። ጫትን ብንወስድ በእንግሊዝ አገር ከ2014 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የተከለከለ ነው፤ የሰው ዕቃ አምኖ የተሸከመ ሰው በማያውቀው ነገር ሊታሰር ይችላል።

ዕቃ ጠፋ ከተባለ ጊዜ አትፍጁ። በኅብረቱ ደንብ ላኪው ዕቃው በተላከ ማግስት ተቆጥሮ በስድስት ወር ውስጥ በላከበት ፖስታ ቤት የፍለጋ ጥያቄ ማቅረብ ይችላል፤ የፈጣን መልእክት ጊዜ ከዚህ ያጥራል። ገዢዋም በበኩሏ ቁጥሩን ይዛ ሠፈሯ ወዳለው ፖስታ ቤት ትሂድ። የአሜሪካ ፖስተኞች የሚይዙት መሣሪያ «ደርሷል» ብለው ሲመዘግቡ የቆሙበትን ቦታ አብሮ ይይዛል።

የእህታችን ደንበኛም ያደረገችው ይህንኑ ነው። መሣሪያው ያሳየው ቦታ የእሷን በር ሳይሆን ከሕንፃው በታች ያለውን የኪራይ ጽሕፈት ቤት ነበር። ሁለቱ ቀሚሶች እንደታሸጉ እዚያ መደርደሪያ ላይ ተገኙ፤ ቀሪው ክፍያም በዚያው ሳምንት ሰባተኛ ደረሰ። እህታችን ደውላ አውፍ ጠይቃታለች። ከዚያ ወዲህ ቀሚስ ስትልክ የፊርማውን ሒሳብ ዋጋው ላይ ጨምራ ትናገራለች።

ወላሁ አዕለም።