መርከቡ ላይ ሥራህ ምንድን ነው? የባሕር ጀብዱ ገጸ ባሕርያት ከ1974 እስከ 2024

ማዕበል ተነሥቶ መርከቡ ሲናጥ አጫዋቹ በጠረጴዛው ዙሪያ የተቀመጡትን ተጫዋቾች ተራ በተራ እያየ «አንተስ ምን ታደርጋለህ?» ይላል። አንዷ መሪውን እይዛለሁ ትላለች። አንዱ ሸራውን አወርዳለሁ ይላል። ሦስተኛው ወረቀቱን አገላብጦ ዝም ይላል። ገጸ ባሕርይው በዋሻ ውስጥ ጭራቅ የሚገድል ብርቱ ተዋጊ ነው፤ ለማዕበል የሚሆን ግን አንድም መስመር አልተጻፈለትም።

ይህ ዝምታ በሚና ጨዋታዎች ውስጥ የቆየ ችግር ነው። በእነዚህ ጨዋታዎች እያንዳንዱ ተጫዋች የአንድ ሰው ዘር፣ ሙያና ችሎታ በወረቀት ይዞ ይቀመጣል፤ አጫዋቹ ታሪኩን ይመራል፤ የሚያጠራጥረውን ነገር ዳይስ ይወስነዋል። ስለዚህ በወረቀቱ ላይ የሌለ ነገር በታሪኩም ውስጥ እምብዛም አይኖርም። ላለፉት አምሳ ዓመታት ለባሕር ታሪኮች የወጡት አዳዲስ አማራጮች ያንን ባዶ ቦታ በምን በምን ሊሞሉት እንደሞከሩ እንይ። ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጋሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርነሰን በ1974 ዳንጀንስ ኤንድ ድራገንስን ሲያወጡ ባሕሩን አልዘነጉትም። ሁለቱ ከማይክ ካር ጋር ሆነው ቀደም ሲል የመርከብ ውጊያ ጨዋታ ሕግ አዘጋጅተው ነበር፤ በአዲሱ ጨዋታ ሦስተኛ ቅጽ ውስጥም የባሕር ውጊያ ሕግ አለ። ሰዎቹ ግን ያው ተዋጊ፣ አስማተኛና ካህን ናቸው። በ1975 የወጣው ብላክሙር የተባለው ተጨማሪ መጽሐፍ ስለ ውሃ ውስጥ ጀብዱ ሲጽፍ ከጥልቁ ያወጣው ሳሁዋጊንን የመሰሉ ጠላቶችን ነው። በ1981 የታተመው የሶልትማርሽ ታሪክ ወደብ፣ መርከብና ኮንትሮባንዲስቶች ነበሩት፤ ኮንትሮባንዲስቶቹም የሚታደኑ እንጂ ተጫዋቹ የሚሆናቸው ሰዎች አልነበሩም።

ለውጡ የጀመረው ከ1989 በኋላ፣ በሁለተኛው እትም ዘመን ነው። አንድ ተዋጊ ወይም ሌባ «ኪት» የሚባል ተጨማሪ ማንነት እንዲይዝ ተፈቀደ፤ ቀልጣፋው ባለ ቀጭን ሰይፍ ጀብደኛም በዚያው ገባ። በ1992 የወጣው አል ቃዲም ታሪኩን ከአውሮፓ ወደቦች አውጥቶ በአንድ ሺህ አንድ ሌሊት ተረቶች ዓለም ላይ ሲያቆም፣ የባሕር ዘራፊን ከጀግና ተዋጊዎች መካከል አስቀመጠው። በ1999 ደግሞ «ሰባተኛው ባሕር» የተባለው ጨዋታ መላ ዓለሙን በሰይፈኞችና በመርከበኞች ዙሪያ ገነባ። አንባቢው እንዳልረሳው በ2016 ታየ፦ ለሁለተኛው እትም በሕዝብ መዋጮ ከ1.3 ሚሊዮን ዶላር በላይ ተሰበሰበለት።

ቀጭን ሰይፍ የያዘው ጀብደኛ ይህን ያህል የተወደደው በአለባበሱ ብቻ አይደለም፤ ሕጉም ገፍቶታል። በ2003 የታተመውን የዳንጀንስ ኤንድ ድራገንስ ሦስተኛ እትም ክለሳ እንመልከት። ሙሉ የብረት ጥሩር የለበሰ ሰው በቅልጥፍና ሥራዎች ላይ 6 ነጥብ ይቀነስበታል፤ ዋና ሲሆን ቅነሳው በእጥፍ 12 ይሆናል። ጉልበቱ 18 የሆነ፣ ግን ዋና ያልተማረ ተዋጊ ከመርከብ ወደቀ እንበል። ባለ ሃያ ገጹን ዳይስ ይጥላል፣ ለጉልበቱ 4 ይጨምራል፣ 12 ይቀንሳል። ጸጥ ባለ ውሃ 10 ማምጣት አለበት፤ ስለዚህ ዳይሱ ላይ 18 ወይም ከዚያ በላይ ካልወጣ አይሳካለትም። በማዕበል ውስጥ የሚፈለገው 20 ነው። የዳይሱ ትልቁ ቁጥር ቢወጣለት እንኳ ድምሩ 12 ነው። ወደ ታች ይሄዳል። በየብስ ቡድኑን የሚሸከመው ሰው በባሕር ላይ በአንድ ማዕበል የሚያልቅ ከሆነ፣ ተጫዋቾች ቀለል ያለ ልብስና ቀጭን ሰይፍ ቢመርጡ ትክክል ናቸው። በዚያው በ2003 ለዚህ ሰይፈኛ ራሱን የቻለ የሙያ መደብ ተሰጠው፤ በጥሩር ፋንታ በቅልጥፍናውና በአእምሮው ይዋጋል።

በ2005 ስቶርምራክ መጣ። በዚያ እትም ለባሕር ብቻ የተጻፈ ትልቅ መጽሐፍ እሱ ነው፤ ደሴታቸው የሰጠመባቸውን አቬንቲዎችን፣ በሳሁዋጊን የተጨፈጨፉትን ዳርፌላኖችን፣ ማዕበል የሚያስነሡ አስማተኞችንና ስመ ጥር ካፒቴኖችን አቀረበ። ብዙ ነው፣ ውብም ነው። ግን ለሁለት ችግሮች መልስ አላገኘም። ካፒቴን የሚሆነው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ የቀሩት አራቱስ? በውሃ ውስጥ የሚተነፍስ ገጸ ባሕርይስ ወደ ጥልቁ ሲወርድ ጓደኞቹ መርከቡ ላይ ተቀምጠው ከመጠበቅ ሌላ ምን ያደርጋሉ?

በዚያ መጽሐፍ ውስጥ ሃዶዚ የሚባሉ ዝንጀሮ መሰል መርከበኞችም ነበሩ። በ2022 ስፔልጃመር የተባለው በከዋክብት መካከል የሚቀዝፉ መርከቦች ታሪክ እንደገና ሲታተም፣ የአመጣጣቸው ታሪክ እንደ አዲስ ተጻፈ፦ አንድ ጠንቋይ ማረካቸው፣ በመድኃኒት አእምሮ ሰጣቸው፣ ሊሸጣቸውም አሰበ። አንባቢዎች ይህንን ከጥቁር ሕዝቦች ባርነት ታሪክና ከቆየው የዘረኝነት ስድብ ጋር አያይዘው ተቃወሙ። አሳታሚው ዊዛርድስ ኦቭ ዘ ኮስት በሴፕቴምበር 2022 ይቅርታ ጠይቆ ጽሑፉን ሰረዘው። ተቃውሞው ተገቢ ነበር ብዬ አምናለሁ። በመርከብ ሆድ ታጭቀው የተወሰዱ ሰዎች ታሪክ በባሕር ላይ የተፈጸመ ነው፤ ለባሕር አዲስ ዘር የሚፈጥር ጸሐፊ ይህን ሳያስታውስ ብዕር ማንሣት የለበትም።

ለእኔ ትልቁ እርምጃ የተወሰደው ግን በ2012፣ ፓዝፋይንደር በተባለው ሌላ የሚና ጨዋታ «ስከል ኤንድ ሻክልስ» ዘመቻ ነው። በመጀመሪያው ክፍል ተጫዋቾቹ በመጠጥ ደንዝዘው ሲነቁ ዎርምዉድ በተባለች የዘራፊዎች መርከብ ላይ ናቸው። ማንም ካፒቴን አይደለም። ጠዋት ሥራ ይታደላል፦ አንዱ ገመድ ላይ ይወጣል፣ ሌላው ወለል ያጥባል፣ ሌላዋ ለወጥ ቤት ረዳት ትሆናለች። ዳይስ ይጣላል፤ ሥራውን ያበላሸ ማታ ይገረፋል። አስማተኛውም ሰይፈኛውም እኩል ላብ ያወጣሉ፤ ከማን ጋር እንደሚወዳጁና ማንን እንደሚፈሩ እየሠሩ ያውቃሉ። «አንተስ ምን ታደርጋለህ?» ሲባል ዝም የሚል ሰው የለም።

ዳንጀንስ ኤንድ ድራገንስም በ2014 በአምስተኛው እትሙ ወደዚህ ተጠግቶ ነበር። መርከበኛ የሚባለው የገጸ ባሕርይ መነሻ ሕይወት ለተጫዋቹ የሚሰጠው ከመርከብ የተወሰደ ዱላ፣ 50 ጫማ የሐር ገመድና የጥንቸል እግር ወይም መሐሉ የተበሳ ድንጋይ የመሰለ የዕድል ማምጫ ነው። ከሁሉ የሚበልጠው ግን ይህ መብት ነው፦ አንተና ጓደኞችህ ያለ ክፍያ በመርከብ ትሄዳላችሁ፤ በምትኩ ባሕረኞቹን በሥራ ታግዛላችሁ። በ2019 «ጎስትስ ኦቭ ሶልትማርሽ» ዓሣ አጥማጅን፣ የባሕር ወታደርን፣ መርከብ ሠሪንና ኮንትሮባንዲስትን ጨመረ፤ ለመርከቡም ከካፒቴን እስከ ሐኪምና ወጥ ቤት ድረስ ሹመቶችን ደለደለ። በ1981 የሚታደነው ኮንትሮባንዲስት አሁን ተጫዋቹ ራሱ ሆነ። በእነዚሁ ዓመታት፣ በ2016 ትሪቶን የሚባለው የባሕር ዘር፣ በ2020 ደግሞ ከጥልቁ ኃይል ጋር ቃል ኪዳን የገባው አስማተኛ መጡ። የዚህኛው አስማተኛ ክንድ መሰል ፍጡር በየብስም ስለሚዋጋለት፣ መርከቡ ወደብ ሲደርስ ሥራ አይፈታም። ይህ ብልህ አሠራር ነው።

በ2022 የወጣው «ዘ ዋይልድሲ» ሐሳቡን እስከ ጥግ ወሰደው። ባሕሩ ውሃ አይደለም፤ ዓለምን የዋጠ ደን ነው፣ መርከቦቹም በዛፎቹ ጫፍ ላይ እየከረከሙ ይሄዳሉ። እያንዳንዱ ገጸ ባሕርይ ከዘሩና ከመጣበት ስፍራ ሌላ በመርከቡ ላይ ያለውን የሥራ ቦታ ይመርጣል። ወጥ ሠሪው ከአዳኙና ከመንገድ መሪው ጋር እኩል ሙሉ መደብ ነው።

ስለዚህ የ2024ቱ አዲሱ የዳንጀንስ ኤንድ ድራገንስ መጽሐፍ ቅር አሰኝቶኛል። መርከበኛው አለ፤ የጠጅ ቤት ድብድብ ችሎታና የአቅጣጫ መሣሪያ ይዟል። ጓደኞቹን በመርከብ አሳፍሮ በሥራ የሚያግዝበት ያ መብት ግን ከገጹ ጠፍቷል። የቀረው ለአንድ ሰው የተሰጠ ብልጫ ነው፤ ቡድኑን ከመርከቡ ጋር ያስተሳሰረው ክር ተበጥሷል።

የባሕር ዘመቻ ልትጀምሩ የተሰናዳችሁ አጫዋቾች ካላችሁ፣ የ2014ቱን መርከበኛ ከነመብቱ ያዙት፤ የሶልትማርሹን ሹመቶችም ጨምሩበት። በመጀመሪያው ቀን፣ ማንም ዘሩንና መሣሪያውን ሳይመርጥ በፊት፣ እያንዳንዱን ተጫዋች በመርከቡ ላይ ሥራው ምን እንደሆነ ጠይቁትና መልሱን በወረቀቱ አናት ላይ እንዲጽፈው አድርጉ።